ከደረጃው በኋላ ያለው ረሃብ

ባለቤቴን የሚያምኑት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እሱ የሚያምነው ግን አንድም የለም። ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው እንዳልል ስንጋባም እንዲሁ ነበር። የከተማው የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። የነሐስ የሚዛን ድንጋዮችና አንዲት ትንሽ ሚዛን ያሉባትን የእንጨት ሳጥን አንግቶ ገበያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል፤ ትክክለኛውን ሚዛን ማኅተም ይመታበታል፣ አታላዩን ይወርሳል። ነጋዴዎቹ ግራም ይሉታል። ዘጠና ሰባት ኪሎ የሚመዝን ሰው ግራም ሲባል መጀመሪያ ላይ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ግን ለመድኩት፤ አሁን ስናደድ እኔም እለዋለሁ።

እኔም ብሆን የዋህ አይደለሁም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። ልጄ አልወፈረችም፣ ያንቺ ስፌት ነው የጠበበው እያሉ የሚመጡ እናቶች ሰው ማመን አስተውኛል። እናም ቤታችን ውስጥ ሁለት መርማሪ፣ ሁለት ተጠርጣሪ አለ ማለት ነው፤ ሰው ግን ያው ሁለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ታናሽ እህቱ ስትታመም ነው። እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፀጉሯን ሳይቀር ያበጠረው እሱ ነው። እኔ ቤቱ ስገባ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አብረን አሳደግናት። አድጋ የሂሳብ አስተማሪ ሆነች። ባለፈው ዓመት ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቆሙና በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ገብታ ደሟን በማሽን ማሳጠብ ጀመረች። ዘመድ ሲመረመር የሚስማማት የወንድሟ ኩላሊት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ግን በዚህ ውፍረት አንቆርጥህም አሉት። አምስት ወር አለህ፣ ዘጠና ኪሎ ግባ፤ ቀኑ ካለፈ ተራው ለሌላ ይሰጥና እናንተ አንድ ዓመት ትጠብቃላችሁ አሉ። እሷ አንድ ዓመት ትቆያለች ያለን ግን አልነበረም።

ከቤታችን ጀርባ ካለው ኮረብታ አናት ላይ የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ወደዚያ የሚያስወጣው ደረጃ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ባለቤቴ በየማለዳው ሦስት ጊዜ ይወጣዋል፣ ሦስት ጊዜ ይወርደዋል። ሲመለስ ረሃቡ ቀድሞት በሩን ይገባል። ላቡ ሳይደርቅ፣ ጫማው ሳይፈታ፣ ዓይኑ ምድጃው ላይ ይተከላል። የሆስፒታሉ ነርስ ይህንን አስቀድማ ነግራው ነበር። ከስፖርት በኋላ የሚመጣው ረሃብ ግማሹ ጥማት ነው፣ መጀመሪያ ውሃ ይጠጡ፣ ከዚያ እንቁላልና እርጎ ይብሉና ሃያ ደቂቃ ይታገሱ፤ ከዚያም ከራበዎት እሱ እውነተኛ ነው ብላዋለች። ስለዚህ ውሃውን ይጠጣል፣ ሁለት እንቁላልና አንድ ኩባያ እርጎ ይበላል፣ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና ያፈጥበታል። አንድም ቀን ጨምሪልኝ አላለኝም። ሆዳም መሆኑን ስለማውቅ አንጀቴን በላው።

የመጀመሪያው ወር አለቀ፤ አንድ ግራም አልቀነሰም። ሁለተኛው ወር ተጋመሰ፤ ቀበቶው ያው ቀዳዳ ላይ ነው። ያኔ ምርመራው ተጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪም እኔ ሆንኩ።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቼ የዘይቱን ጠርሙስ ባነሳው የእርሳስ መስመር በመስመር ሆኗል። ለካ ሰውዬው ጠርሙሱን በየቀኑ በሥራ ሚዛኑ እየመዘነ ኖሯል። ምንድን ነው ይሄ ስለው ምንም ሳያፍር «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» አለኝ። ማማሰያውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና እንካ፣ ራስህ ሥራው አልኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ እሱ አበሰለ። ጠብታ ዘይት ያልነካው ምስር በላን፤ እኔ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ፣ እሱ ባለበት ቀረ። ይህን ካየ በኋላ በይፋ ነጻ አወጣኝ።

ከእኔ ቀጥሎ የሆስፒታሉ ሚዛን ተጠረጠረ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ በመመዘኛው ቀን፣ ሳጥኑን ይዞ ሄደ። ነርሷ ፊት ተንበርክኮ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ደረደራቸው። ወረፋ የያዘው በሽተኛ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አምስት ኪሎ ሲያስቀምጥ አምስት አለ፤ አሥር ሲያስቀምጥ አሥር። ነርሷ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠብቃ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ይውጡበት አለችው። ዘጠና ስድስት ተኩል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ነርሷ ዘጠና ስድስት ተኩል ስትል እኔ ውስጤን እፎይ አለኝ። እንዲቆርጡት አልፈልግም ነበር። እህቱን ጠልቼ አይደለም፤ እንኳን እሷን ጥላዋን እወዳለሁ። ግን ባሌ ነው። ተኝቶ ባይነሳስ? አንድ ኩላሊት ይዞ ነገ ቢታመም ከየት አመጣለታለሁ? ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ሆኖም ነገሩ ከነከነኝ። ያ ሁሉ ደረጃ የት ይገባል? የሆነ ቦታ ይበላል አልኩ። ከገበያው በር አጠገብ ምግብ ቤት አለ፤ ባለቤትየዋ ደግሞ ሲበዛ ሳቂታ ናት። እውነቱን ለመናገር የጠረጠርኩት ምግቡን ብቻ አልነበረም። በሦስተኛው ወር መጀመሪያ፣ አንድ ማለዳ፣ እንቁላሉን በልቶ ሃያ ደቂቃውን ጠብቆ ሲወጣ ሻርፕ ተከናንቤ ተከተልኩት።

ምግብ ቤቱን ዞር ብሎ እንኳን ሳያየው አለፈ። አፈርኩ። ኦቾሎኒ፣ ዘቢብና ቴምር የሚሸጥበት ተራ ውስጥ ገባ፤ እኔም ከክር ሱቁ ደጃፍ ቆሜ አየሁት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሚዛኑን በድንጋዮቹ ይፈትሻል። ቀጥሎ፣ ሚዛን ብቻ ሳይሆን እጅም ይሰርቃል ብሎ ስለሚያምን፣ ሻጯን ለደንበኛ እንደምትመዝኚው አድርገሽ አንድ ኪሎ መዝኚ ይላትና ያንኑ በራሱ ሚዛን ይደግመዋል። ተቆጣጣሪ ቆሞባት የምታጎድል የለችም፤ ሁሉም አትርፋ ነው የምትመዝነው። እሱ ታዲያ መርፌው መሃል እስኪቆም ትርፉን በቁንጥር በቁንጥር እያነሳ ይቀንሳል። ያነሳውን የት ያደርገዋል? አፉ ውስጥ። ዓይኑ መርፌው ላይ፣ ሐሳቡ ቁጥሩ ላይ፣ እጁ አፉ ላይ። ከዚያ ጽፎ፣ ማኅተሙን መትቶ፣ ወደሚቀጥለው ሚዛን ይሄዳል።

ይህን ሥራ ከያዘ ጀምሮ ሲያደርገው ኖሮ ይሆናል። ድሮ አንድ ሁለት ፍሬ ነበር መሰለኝ። አሁን ግን በእንቁላልና በእርጎ ተደልሎ ቤት ውስጥ ዝም ያለው ረሃብ እዚህ ሲደርስ ይነቃል፤ ቁንጥሩ እፍኝ ሆኗል። አሥራ አንድ ሚዛን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ እፍኝ። ተራው ገና አልተጋመሰም ነበር። አንዷ ኦቾሎኒ ሻጭ ለጎረቤቷ፣ ግራም ሰሞኑን ቁርስ የሚሰጠው የለም እንዴ ብላ ስትስቅ ሰማኋት። ከሰው እጅ ላይ ዓይኑን የማይነቅለው ባሌ የራሱን እጅ አያይም ነበር።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ነጭ ክር ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዘጠኝ ቀን እንቁላሉን ቀቀልኩ፣ እርጎውን አቀረብኩ፣ ዝም አልኩ። እሱ ደረጃውን ወደ አራት ጊዜ አሳደገው። ጉልበቱ አብጦ ሲገባ ውሃ አሙቄ አሸሁለት፤ ሰውነቴን ምን ነካው ሲለኝም እኔ እንጃ አልኩት። እርጎ ሻጯ ስኳር ትጨምርበት ይሆን ብሎ ጠረጠረ። እንቁላሎቹንም በየተራ መዘናቸው። እኔን ግን አልጠረጠረኝም፤ አንዴ ነጻ አውጥቶኛላ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ ከእጥበት ወጥታ ወደ እኛ ጎራ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ መርፌው የገባበት ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። የስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠች። ሻይ ሳቀርብላት አልነካችውም።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። «ጋሼ መስጠቱን ፈርቶታል፣ አይደል? ደረጃውን ይወጣል፣ ትንሽ ይበላል፣ ግን አይቀንስም። ይሄ ሂሳብ እኔ ጋ አይገጥምም። አልሰጥም ማለቱ ከብዶት ነው። ካልፈለገ ይተወው በይው። እሱን እየጠረጠርኩ ከመኖር ማሽኑ ይሻለኛል።»

የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሬ የጀመርኩትን ጫፍ ሰፋሁ። ቀና ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሳጥኑ ትከሻው ላይ ነው። ሁሉንም ሰምቷል። ሰው ሲጠረጥር እንጂ እሱ ሲጠረጠር አይቼው አላውቅም። ሊቆጣ ነው ስል አልተቆጣም። ሳጥኑን አውርዶ መሬት አስቀመጠና እህቱን ብቻ አያት። ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ መልሶ ቆመ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው እንዲያ ሲሆን ማየት አልቻልኩም።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው አልኩ። ኦቾሎኒ ተራ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ቁንጥሩን፣ እፍኙን፣ አሥራ አንዱን ሚዛን። ባሌ ቀኝ እጁን ዘርግቶ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ሲያየው ቆየ። በጥፍሩ ሥር የኦቾሎኒ ገለባ ነበር።

«መቼ ነው ያየሽው?» አለኝ።

ዛሬ ማለት እችል ነበር፤ ማን ያውቅብኛል። «ዘጠኝ ቀን ሆነው» አልኩት።

እህቱ ናት ቀድማ የተናገረችው። «ዘጠኝ ቀን ማለት አራት እጥበት ነው» አለች፣ ረጋ ብላ፣ ለተማሪ መልስ እንደምታርም።

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እንዳይቆርጡት ፈርቼ ነው አልኩ። ባሌ አልጮኸብኝም። አጠገቤ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። «ፈርቼም ቢሆን እሰጣታለሁ። ይሄ እጄ ምን አስቦ እንደነበረ ግን አላውቅም።»

እህቱ ያን ቀን ሳትሰናበተኝ ሄደች። ሁለት ሳምንት ያህል ስደውልላት አላነሳችም፤ አልፈረድኩባትም።

በማግስቱ ከደረጃው ሲወርድ እንቁላሉንና እርጎውን ይዤ እታች ጠበቅኩት። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በላ። ዙሩን እንዲቀይር የነገርኩት እኔ ነኝ። ረሃቡ የሚጠናው ረፋዱ ላይ ስለሆነ ሥራህን ከሚስማር ተራ ጀምር፣ ሚስማር አይበላም አልኩት። ከሚስማር ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ ሲሚንቶ፤ ኦቾሎኒውና ዘቢቡ ምሳ ከበላ በኋላ ሆኑ። አራት ሰዓት ላይ አንድ ቁራጭ ዳቦና እንቁላል ይዤለት ገበያ እሄዳለሁ። ከሚዛኑ ላይ የሚያነሳትን ቁንጥር ወደ ጆንያው እንዲያስመልሱት ሻጮቹን አደራ አልኳቸው። ይሳቁብኝ እንጂ አደራዬን በሉ ማለት አልችልም፤ አንዷማ እጁን በመስፈሪያ መትታዋለች።

ረሃቡ ለቀቀው ብዬ አልዋሽም። ይነጫነጫል፤ ሃያ ደቂቃው ሳይሞላ አሥር ጊዜ ሰዓቱን ያያል። ስንት ቀን ተነታረክን፣ ስንት ቀን በእኔ ላይ በሩን ወርውሮ ወጣ። ኪሎው ግን መውረድ ጀመረ፤ ዘጠና አራት፣ ዘጠና ሁለት ተኩል፣ ዘጠና አንድ። ቀኑ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰማንያ ዘጠኝ ከስምንት መቶ ገባ።

ነርሷ የስምምነቱን ወረቀት አወጣች። እሱ ፈርሞ ወጣና ኮሪደሩ ላይ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ። ነርሷ፣ ሚስትም ማወቋንና መስማማቷን ትፈርማለች አለችኝ። ፈረምኩ፤ ግን ዓይኔ ኮሪደሩ ላይ ስለነበረ ፊርማዬ ተንጋደደ። ነርሷ ከመታወቂያዬ ጋር አስተያየችውና ይሄ የርስዎን አይመስልም አለች። ወረቀቱን ቀድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችውና አዲስ ወረቀት ልታመጣ ተነሳች።

እስክትመለስ ድረስ ያልፈረምኩ ሴት ነበርኩ። ብነሳ የሚይዘኝ አልነበረም። በተከፈተው በር አያቸዋለሁ፤ እሷ ራሷን ትከሻው ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል፣ እሱ እንዳይቀሰቅሳት ትንፋሹን ይቆጥባል።

ነርሷ ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጠችው። ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል፣ ፈረምኩ።