ቆሞ የሚበራ መብራት

እህቴ በልጅነቷ ከጀልባ ሥር ተጎትታ ወጥታለች፤ ከውሃ ውስጥ ሳይሆን ከአስፋልት ላይ። አባታችን ጀልባ በተሳቢ እያመላለሰ ያሳደገን ሰው ነበር። አንድ ምሽት እሷን ጋቢና አስቀምጦ ዳገት ላይ ሲያዘግም የጭነት መኪና ከኋላ ገጨው። ጀልባው ተንሸራቶ ጋቢናውን ደፈጠጠው። የተሳቢው የኋላ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ አባታችን "ነገ እሠራዋለሁ" ሲል ከርሟል። እሱ እዚያው አረፈ። እሷ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ የጭነት መኪናው ሾፌር ፀጉሩን እየነጨ "አላየሁም! ምንም አላየሁም!" ሲል እየሰማች ሰው እስኪደርስላት ተኛች።

ዘመድ ሁሉ ሾፌሩን ሲረግም እሷ የተቆጣችው አባታችንን ነበር። ያ ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደም።

አድጋ፣ እያነከሰች፣ የአባቷን ሥራ ያዘች። የሐይቁ ዳር ሠራተኞች "እትዬ ፍሬን" ይሏታል። መብራት የሌለው ተሳቢ ካየች መንገድ መሐል ቆማ ታስቆማለች፤ ሾፌሩ ቢለምናትም ቢሰድባትም ንቅንቅ አትልም።

ባለፈው ዓመት ተሳቢዋን አሳመረችው። እያንዳንዱን ሽቦ ፈትታ፣ ብረቱን በገዛ እጇ ሰማያዊ ቀለም ደራርባ ቀባች፤ ከዚያ አዳዲስ የኤል ኢ ዲ መብራቶች ገጠመችለት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከልጇ ባል ጋር ሆና ከሐይቁ ማዶ ለሚጠብቅ ደንበኛ ጀልባ ልታደርስ ተነሣች። መኪናውን የሚነዳው አማቿ ነው፤ እኔ በራሴ መኪና እከተላለሁ። ከግቢው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ መንገዱ ተሳቢውን ሲያነጥረው ሁለቱም መብራቶች ድርግም አሉ። መልሰው በሩ። ደግሞ ጠፉ። ክላክስ አድርጌ አስቆምኳቸው።

አማቿ ወርዶ ወደ ኋላ ዞረ። መብራቶቹ ቦግ ብለው ይበራሉ።

"ይኸው! ጋሼ፣ መነጽርዎን ወልወል ያድርጉት እንጂ!"

"መነጽሬን ተወው። ሲሄድ ነው የሚጠፋው።"

"ቆሞ የሚበራ መብራት ሲሄድ ምን ነክቶት ይጠፋል? እማዬ፣ ሰውየው ዛሬ ካላደረሳችሁ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏል። እንሂድ!"

እህቴ የመኪናውን ቁልፍ ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

"እማዬ!"

"እማዬ አትበለኝ! ተሳቢው ከመኪናው የሚያያዝበት መጎተቻ ላይ ውጣና ዝለል።"

"ምን?"

"ዝለል አልኩህ! እንደ ፍየል ዝለል!"

ዘለለ። መብራቶቹ ጠፉ።

እህቴ ስልኳን አውጥታ መብራቶቹን የሸጠላት ሰው ላይ ጮኸችበት። "ውኃ አይገባውም፣ አይሞትም አላልከኝም? ይኸው በአንድ ቀኑ ሞተ!"

"እትዬ፣ ሁለቱም እኩል የሚጠፉ ከሆነ ችግሩ ከመብራቱ አይደለም" ሲላት ዘጋችበት።

ሶኬቱን ነቅላ አጸዳችው፤ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ አማቿ እየተነጫነጨ ትርፍ ሽቦ አመጣ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከተሳቢው ብረት አገናኝቶ ያዘ። እሱ ሽቦውን ስለያዘ የሚዘል ሰው ጠፋ፤ በስተርጅናዬ እኔ ወጥቼ ዘለልኩ። መብራቶቹ አልጠፉም።

"ማሳው ነው!" አለ። ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነው። የማሳው ሽቦ ከተሳቢው አፍ አጠገብ በቡሎን ታስሯል። ቡሎኑን ፈታው። ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ወፍራም ሰማያዊ ቀለም አለ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መብራቱ ቆሞ ሲበራ የነበረው መጎተቻው ብረት ለብረት ስለተነካካ ብቻ ነው፤ መንገዱ ሲያነጥረው ያም ይላቀቃል።

ማን እንደቀባው የጠየቀ የለም።

"ቀለሙ ግን ያምራል፣ እማዬ" አለ አማቿ።

የያዘችውን ጨርቅ ፊቱ ላይ ወረወረችበት። ቢላ አንሥታ ብረቱ ፍንትው እስኪል ፋቀችው። ቡሎኑን አጥብቃ አሰረች። አማቿ ዘለለ፤ መብራቱ ጸና። ገና ሳይወርድ ስልኩ ጮኸ። ደንበኛው ነው። ሌላ ሰው ይዟል።

አማቿ ጎማውን በርግጫ መታው። "በእርስዎ ቀለም ሥራችን ሄደ!"

"ሄደ" አለች። "በእኔ ቀለም ሄደ። ዝም ብዬህ ቢሆን ደግሞ አንተም ሰውም ትሄዱ ነበር።"

እንዲያ ስትቆጣ ያየኋት በአባታችን ላይ ብቻ ነበር። አሁን ግን የምትቆጣው ራሷን ነው። የቀባችውን ብሩሽ ማታውኑ ሰብራ ጣለችው።

ይህን ልጽፍ ስነሣ፣ በዕድሜሽ ከሁሉ የሚበልጥብሽ ምንድን ነው አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦

"ከኋላዬ የሚመጣው ሰው አያውቀኝም። መድከሜን፣ ቀለሙን ራሴ መቀባቴን፣ ነገ እሠራዋለሁ ማለቴን ከየት ያውቃል? መብራቴን ብቻ ነው የሚያየው። ያ ሾፌር እውነቱን ነበር እኮ፤ አላየንም። በእኔ የተነሣ አላየሁም እያለ ፀጉሩን የሚነጭ ሰው እንዳይኖር ነው የኖርኩት። በቃ። ይልቅ ጽፈህ ስትጨርስ መጎተቻው ላይ ውጣና ዝለልልኝ፤ ነገ ጀልባ እናደርሳለን።"