የእማሆይ ነጯ የጡት ልጅ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ የምንሰበሰበው አያ ፈንቴ ቤት ነበር። መንደራችን ከንፋስ መውጫ ትንሽ ወጣ ብላ ያለች ስለሆነች ብርዷ አጥንት ይሰብራል፤ የአያ ፈንቴ ምድጃ ግን የወይራ ግንድ አይለየውም። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ እየተርገበገበ፣ እሳቸው ፍሙን ቆስቆስ አድርገው ወግ ይጀምራሉ። የጅብና የጦጣውን ተረት ከጠገብነው ቆይቷል፤ ያኔ «ንገሩን» ብለን የምንለምናቸው የእማሆይ ነጯን ነበር።

እማሆይ ነጯ ያልናቸው እኛው ነን። ከባሕር ማዶ የመጡ የካቶሊክ መነኩሴ ናቸው፤ በመንደሩ ጫፍ በቆርቆሮ ቤት በሽተኛ ያክማሉ። የሰፈራችን ቄስ «የሮም ሃይማኖት ናቸውና መስቀላቸውን እንዳትሳለሙ» ብለው ገዝተውናል፤ ጥርሳቸውን ሲያማቸው ግን በጓሮ በር ሹልክ ብለው ሲገቡ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

አያ ፈንቴ የእማሆይን በቅሎ እየሳቡ ስማዳም እስቴም አብረው የዞሩ ሰው ናቸውና ወጋቸው አያልቅም። ተስቦ የገባበት አገር ሲደርሱ፣ ወንድም ወንድሙን ትቶ በሸሸበት ቤት፣ እማሆይ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገብተው የበሽተኛውን ልብስ በፈላ ውሃ ሲቀቅሉ ያዩ እሳቸው ናቸው። «ምን አባታቸው አስገደዳቸው አያ?» ስንላቸው፣ «ምለው ነዋ! ባል ላያገቡ፣ ልጅ ላይወልዱ፣ የኔ የሚሉት ነገር ላይኖራቸው ምለው ነው ከአባታቸው ቤት የወጡ» ይሉን ነበር። ያኔ እኔ በልቤ፣ ታዲያ የኔ ይበሉኝ እንጂ፣ እላለሁ።

ደሜን የሚያፈላው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ወግ ነበር፤ የትርንጎ ወግ። ትርንጎ የአያ ፈንቴ ልጅ ናት፣ እኩያዬ። ወጉ ወደሷ ሲቃረብ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ሙሽራ አቀርቅራ ትቀመጣለች። ትክትክ ይዟት፣ መድኃኒቱን አልውጥ ብላ ልትሞት ሲሆን፣ እማሆይ ክኒኑን ደቁሰው በማር ለወሱና በአውራ ጣታቸው አጠቧት። በኛ አገር ደግሞ ማር የነካ ጣቱን ለልጅ ያጠባ ሰው፣ ያ ልጅ የጡት ልጁ ነው፤ ከወለደው አይለይም፣ ዳኛም አያፈርሰው። እማሆይ ይህን ከየት ይወቁት! ቤቱ ጠያቂ ሞልቶታል። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉና፣

«እሰየው! ምስክር ነን፣ ትርንጎ ጡት ጠባች!» ሲሉ ሴቱ እልልታውን አቀለጠው።

እማሆይ ደነገጡ። «ኧረ መድኃኒት ነው! እኔ ልጅ አልወልድም ብዬ ለእግዚአብሔር ምያለሁ» አሉ።

«አልወልድም አሉ እንጂ አላጠባም መቼ አሉ?» አሏቸው ሽማግሌው።

እዚህ ላይ አያ ፈንቴ ሳቃቸው ያቋርጣቸዋል። «ምን ቢያደርጉ ጥሩ በሉኝ! ልጄን እቅፍ አደረጓት።»

ሌላው ልጅ ሲስቅ እኔ ፊቴን አዙሬ ፍሙን እቆሰቁሳለሁ። ለጥምቀት እማሆይ ለትርንጎ ቀሚስ አሰፉላት፤ ሐኪም ቤት ገብታ ፋሻ ትጠቀልላለች፤ «እናቴ» ስትላቸው ደግሞ ድምጿን ከፍ የምታደርገው እኔ ሳልፍ ነው። አንድ ቀን እኔም የውሸት ሳል እየሳልኩ እማሆይ ዘንድ ሄድኩ። እማሆይ ደረቴን አዳመጡ፣ ጀርባዬን አዳመጡ፣ ፈገግ ብለው «ጤነኛ ነሽ የኔ ልጅ፣ ሂጂ ተጫወቺ» አሉኝ። «የኔ ልጅ» ማለታቸውን ይዤ በደስታ ስወጣ፣ ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆማ፣

«ለሁሉም ነው እንዲያ የሚሉት። ማር አምሮሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ሳለቅስ እናቴ ነገሩ ገባት። «እኔ ሮጠሽ እስክታመልጪኝ ሳጠባሽ አንድ ሰው እልል አላለልኝም፤ አንዲት ጣት ተጠባች ተብሎ ይኸው አገር ይንጫጫል!» አለች። ለካ እሷም ትቀና ኖሯል።

ከዚያ በአንዱ በጋ ስማዳ ቆላው ተስቦ ገባ ተባለና እማሆይ ወረዱ። አያ ፈንቴ የተመለሱት በቅሎዋን በባዶ ኮርቻ እየሳቡ ነው። በሽታው እማሆይንም ይዟቸው፣ እዚያው አርፈው፣ ሬሳቸውን የማኅበራቸው ሰዎች መጥተው ወሰዱት። መንደሩ መርዶውን ሲሰማ፣ የሚለቀስበት ቤት ጠፍቶ አልቸገረውም፤ የጡት ልጅ አለቻቸዋ! ትርንጎ ነጠላዋን አደግድጋ መሬት ተቀመጠች፤ የገባ ሁሉ እሷ ዘንድ ጎንበስ እያለ «እግዜር ያጥናሽ፣ እናት አይተካም» ይላታል። መስቀላቸውን አትሳለሙ ያሉት ቄስ እንኳ መጥተው አጽናኗት።

እኔ ከበሩ ሥር ነበርኩ። እንባዬ እንዴት እንደመጣ አላውቅም፤ ጮኼ አለቀስኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ ከትርንጎ ድምፅ የኔ በለጠ። ያኔ ሙሾ የምታወርደው ሴት ግጥሟን አቋርጣ ዞር አለችብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምናቸው ነሽ?»

አንድ ስም፣ አንዲት ዝምድና ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ጎረቤት ነኝ» አልኩ።

«ጎረቤትማ ሁላችን ነን። በይ ለባለ ሐዘኗ ተይላት» አለችና ሙሾዋን ቀጠለች።

ዛሬ አርጅቻለሁ፣ ዓይኔ ግን ያየውን አልረሳም። እማሆይ ቁስል ሲያጥቡ ከንፈራቸውን እንደሚነክሱ፣ የራሳቸውን ብርድ ልብስ ለወላድ ሰጥተው በማግስቱ ሲንቀጠቀጡ እንደዋሉ፣ ሰው ያላያቸው ሲመስላቸው ከበቅሎዋ ጋር እንደሚያወሩ፣ ይህን ሁሉ ትርንጎ አታውቀውም። ትርንጎ መታየቷን እንጂ ማየቱን መች ትወድ ነበር! በአጥር ቀዳዳም በበር ስንጥቅም ሳያቸው የኖርኩት እኔ ነኝ። ሐዘን ግን በማየት አይወረስም። የእማሆይ ስም በተነሳ ቁጥር ሰው እኔን አልፎ «አይዞሽ» የሚለው፣ ዛሬም ትርንጎን ነው።