አሥራ ሁለት ቮልት

ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ከመነሳቱ በፊት እዚያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ አዋቂ ተብዬ ነበር። ማዕረጉን ያገኘሁት በአንድ ቀን ነው። የአንድ ጎረቤት ሪሲቨር ቻናሎቹ ጠፍተውበት ሜኑውን ከፍቼ እንደገና ፈለግኩለት፣ መጡ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ እምቢ ያለው፣ ስልኩ የተዘጋበት ሁሉ በሬን ያንኳኳ ጀመር። ሥራዬ እዚያው አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ማውጣትና መመለስ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ማንም መንገደኛ ከሚያውቀው አይበልጥም። ግን "አላውቅም" የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። እውነቱን ልናገር፣ ማዕረጉ ጥሞኝ ነበር።

ከክፍሌ ፊት ለፊት እማማ ይኖሩ ነበር። ግቢው በሙሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ባልየው ጠዋት ጠዋት የጸሎት መጽሐፉን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እሳቸው አጠገባቸው ቆመው ይከተላሉ። ባልየው ታመው የአልጋ ቁራኛ ሲሆኑ ልጃቸው ድምፅ የሚቀዳ ትንሽ ማጫወቻ አምጥታ የሳምንቱን ጸሎት በሙሉ አስነብባ ቀዳችው። ካረፉም በኋላ እማማ በየጠዋቱ ማጫወቻውን ከፍተው እንደ ድሮው ቆመው ይጸልዩ ነበር። የባልየው ድምፅ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። ማክሰኞ ማክሰኞ መሃል ላይ ያስላቸዋል፣ "ይቅርታ" ይሉና ይቀጥላሉ።

ድምፁ ያለው እዚያ ማጫወቻ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ልጅየዋ "እባክህ ወደ ፍላሽ ገልብጥልን" ብላ ሁለት ጊዜ ለምናኛለች። "ምን ችግር አለው!" ብያለሁ ሁለቱንም ጊዜ። በዚህ ቅዳሜ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እያልኩ ወራት አለፉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እማማ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ባትሪው ቶሎ ቶሎ እየሞተብኝ ነው። ጸሎቱ ሳያልቅ ይጠፋል። ባትሪውን ትቶ በመብራት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ አይቻልም?"

ማጫወቻውን አገላብጬ አየሁት። የራሱ አዳፕተር ገመዱ አንገቱ ላይ ላልቷል፤ በእጅ ጠምዝዘው ካልያዙት አይሠራም። "ቀላል ነው" አልኩ። ክፍሌ ሄጄ መሳቢያዬን ስበረብር የተበላሸ ዋይፋይ ራውተር አዳፕተር አገኘሁ። ጫፉን ማጫወቻው ቀዳዳ ላይ ሞከርኩት፣ ልክክ አለ።

"ቁጥሩስ?" አሉኝ እማማ። "ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምንም ነገር ሳይሰካ በፊት ጀርባውን ገልብጦ ቁጥሩን ያይ ነበር።"

"እማማ፣ ጫፉ ከገባ ይሠራል። በቃ፣ እሱን ለእኔ ይተዉት።"

ይህችን ንግግሬን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ፊደል ያልቆጠሩት ሴትዮ ቁጥሩን ጠየቁ። ቀኑን ሙሉ የፋይል ቁጥር ሲያነብ የሚውለው እኔ ጀርባውን አልገለበጥኩም።

እሳቸው ሻይ ሊጥዱልኝ ወደ ማድ ቤት ወጡ። እኔ ሰካሁት። ማጫወቻው በራ፣ የባልየው ድምፅ "በስመ አብ" አለ፣ ከዚያ ጭጭ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ነቅዬ ገለበጥኩት። ማጫወቻው ጀርባ ላይ አምስት ቮልት ይላል። አዳፕተሩ ላይ አሥራ ሁለት።

አሁን ወደ ማድ ቤት ሄዶ "እማማ፣ አቃጠልኩት" ማለት ነበር የሰው ወግ። እኔ ግን አዳፕተሬን ኪሴ ከተትኩ፣ ሽታው እንዲወጣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ የእሳቸውን አሮጌ አዳፕተር ገመዱን ጠምዝዤ በላስቲክ አስሬ መልሼ ሰካሁ። ሻዩን ይዘው ሲመጡ "ባትሪው በደንብ ቻርጅ ያድርግ፣ እስከ ነገ እንደተሰካ ይቆይ" አልኳቸው። ምን ተስፋ እንዳደረግኩ አላውቅም። ምናልባት ሲቀዘቅዝ ይነሳ ይሆናል ብዬ ይሆናል። ሻዩንም እስከ ጭላጩ ጠጣሁት።

በግቢያችን መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ ሶኬት ሊነቅል ይሯሯጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ በኃይል ስለሚመጣ ዕቃ ያቃጥላል። በዚህ ነገር የእማማን ያህል ጥብቅ ሰው አልነበረም። መብራት ጥፍት ሲል በረንዳቸው ላይ ወጥተው "ንቀሉ! ንቀሉ!" እያሉ ግቢውን የሚያስተባብሩት እሳቸው ነበሩ። የዚያን ዕለት ግን ቡልጋሪያ ሰፈር ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ሳለ መብራት ሄዶ መጣ።

እሑድ ጠዋት ማጫወቻውን በነጠላቸው ጠቅልለው በሬ ላይ ቆመዋል።

"ልጄ፣ ጉድ ሆንኩልህ። ሳልነቅለው ሄጄ መብራቱ አቃጠለብኝ። እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።"

ውሸቱን እኔ አልፈጠርኩትም። እሳቸው አዘጋጅተው ሰጡኝ። ከእኔ የሚጠበቀው ራሴን መነቅነቅ ብቻ ነበር። ነቀነቅኩ። "አዎ እማማ፣ መብራቱ ነው" አልኩ። እንዲህ ያለ ፈሪ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ለገሃር ወደሚገኝ አንድ ጠጋኝ ማጫወቻውንና አሮጌውን አዳፕተር ይዤ ሄድኩ። "መብራት አቃጥሎት ነው" አልኩት። ሰውዬው ከፍቶ በአጉሊ መነጽር አየው፣ አዳፕተሩንም ለካው።

"የምን መብራት? መብራት ቢሆን መጀመሪያ የሚሞተው አዳፕተሩ ነበር። ይሄ ገመዱ ላላ እንጂ ደህና ነው። ይሄ እኮ፣ ማለቴ፣ ከፍ ያለ ቮልት ሰክተውበት ነው። ማነው የሰካው?"

"አንድ ጎረቤት" አልኩት።

"እንግዲያው ለጎረቤትህ ንገረው፣ ጫፉ ስለገባለት ብቻ አይሰካም። የድምፁ ማስቀመጫም አብሮ ሄዷል። የሚወጣ ነገር የለውም።"

"እነግረዋለሁ" አልኩና ወጣሁ።

አዲስ ማጫወቻ ገዛሁላቸው፤ የሌላ ሰው ንባብ በሜሞሪ ካርድ ጫንኩበት። የዚህኛውን ቮልት ሦስት ጊዜ አየሁ። እማማ እጄን ይዘው መረቁኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን የማላውቀው ጎርናና ድምፅ ጥቂት ሲያነብ ሰማሁና ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። ባዶው ጠዋት ለእኔም ከበደኝ፤ ለእሳቸው ምን እንደነበር መገመት አልፈልግም።

የባሰው ግን እሱ አይደለም። ለቅሶ ቀርተው የማያውቁት እማማ ከቤት መውጣት ፈሩ። ቢወጡም ከግቢው በር ተመልሰው ሶኬቶቹን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ፍሪጁ ሳይቀር ተነቅሎ ወጡ እየተበላሸ ይደፋል። ዕድር ላይ ለሚያጽናናቸው ሁሉ "የባሌን ድምፅ የገደልኩት እኔ ነኝ" ይላሉ። አንዴ እኔም ባለሁበት አሉት። ጫማዬን እያየሁ ቆሜ ሰማኋቸው።

ሰፈሩ ሲነሳ ሁላችንም ተበታተንን፤ እማማ ከልጃቸው ጋር ላንቻ ገቡ። ባልጠይቃቸው እረሳዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ባለፈው እሑድ ወስኜ ሄድኩ። ብቻቸውን ነበሩ። ገና ከመቀመጤ ጀመርኩ፤ ከዘገየሁ እንደማልናገር አውቃለሁ።

"እማማ፣ ማጫወቻውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። መብራቱ አይደለም። እርስዎም አይደሉም። የማይሆን አዳፕተር ሰክቼበት እዚያው እጄ ላይ ተቃጠለ። ዋሽቼዎት ነው።"

እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ፈለግኩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ልጄ" አሉ፣ "ይሄን ያህል አስበህልኛል?"

"አይደለም እማማ፣ እውነቴን ነው። ቁጥሩን እይ ብለውኝ..."

"በቃ፣ በቃ። እኔን ለማጽናናት ብለህ ኃጢአት ውስጥ አትግባ። አንተ ውሸት አይሆንልህም፣ ፊትህ ላይ ያስታውቃል። ጥፋቴን እኔው እሸከመዋለሁ።"

ማልኩላቸው። አፌን በእጃቸው ያዙኝ፣ አትማል ብለው። የጠጋኙን ነገር ልነግራቸው ስል ጎረቤታቸው፣ አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት፣ ገቡ። እማማ እጄን ይዘው ነገሯቸው።

"ይሄ ልጅ የኔን ጥፋት በራሱ ላይ ሊያደርግ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?"

አሮጊቷ ደረታቸውን ደቁ፤ ከዚያ ሁለቱም ቆሙ። እኔም እንደ ወጉ ተነስቼ አንገቴን ደፋሁ። የሰው ፊት አያሳጣህ አሉኝ፣ እንደ አንተ ያለውን ያብዛልን አሉኝ። ምርቃት ሲወርድ ዝም አይባልም። እኔም በየመሃሉ አሜን አልኩ።