ስንዝር የማይሞላ አባት

ጸጋው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጥርስ ሠሪ ነው። የሚነቅለው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ጥርሱ ለረገፈ ሰው የድዱን ልክ በሰም ይወስዳል፣ በጀሶ ይቀርጻል፣ አዲስ ጥርስ ያበጃል። ከአዳማ ሲመጣ ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛዋን መክሊትን አገኘ፤ አገባትና በዚያው ቀረ። አሁን ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። አነጋገሩ ግን ዛሬም ስለሚያስታውቅበት፣ ገበያ ሲወጣ «ጌታው፣ አገርዎ ወዴት ነው?» መባሉ አልቀረለትም።

የሰው ምስል መሥራት የጀመረው ሳያስበው ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ ሰዉን ከቤቱ አላስወጣ ሲል፣ ተርፎ የደረቀ የጀሶ ጓል በመፋቂያ ቢላው ሲነካካ ትከሻ የመሰለ ነገር ወጣው። ትከሻ ካለ አንገት አይጠፋም ብሎ ቀጠለ። ቤቱ ይዞት ሲገባ ጓሉ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ጋሻ ጃግሬ ሆኖ ነበር። መክሊት እየሳቀች ከጥፍር ቀለሟ ቀዩን ሰጠችውና ጋሻውን ቀባበት። ከዚያ ወዲያ እጁን ማን ይሰብስበው። ነጋሪት መቺ ሠራ፤ እምቢልታ ነፊ ሠራ፤ በበቅሎ የተቀመጡ ወይዘሮና ጥላ ያዣቸውን ሠራ። የድሮ መኳንንት ሲጓዙ የሚከተላቸው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ በሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ተሰለፈ።

ዓይን ሲስል በመርፌ ጫፍ ነው፤ ትንፋሹንም ይይዛል። ልብስ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለበት፦ ትክክለኛውን ቀለም ሳያውቅ አይቀባም። የአንዱ በርኖስ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ ለማወቅ መጽሐፍ ያገላብጣል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል። ኢንተርኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ አንድ ፈረሰኛ ኮርቻው ሳይቀባ ወራት ቆሟል። ሰው ስህተት ያገኝብኛል ብሎ አይደለም። ያለፈ ነገር አንድ መልክ አለው፣ አጥብቆ የፈለገ ያገኘዋል ብሎ ያምን ስለነበረ ነው።

አማቱ ወይዘሮ የብርጓል ሰባውን ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ይጁቤ ያላቸው ቤትና ማሳ ሲከብዳቸው መጥተው ከልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ ለአማች የሚገባውን አንቱታ ለጸጋው አላጓደሉም ነበር። «አንተ» ያሉት አንድ ቤት ውስጥ መኖር ከጀመሩ በኋላ ነው፤ ጸጋውም እንደ ሹመት ቆጥሮት ነበር። ምስሎቹን ግን ዞር ብለው አይተዋቸው አያውቁም። ለጎረቤት ስለ እሱ ሲያወሩ፣ ጠባዩ መልካም ነው፣ አሻንጉሊት ባይወድ ይሉ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳን ሳያወልቁ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ።

«አባቴን ሥራልኝ» አሉት።

አባታቸው ባላምባራስ እንዳላማው በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገቡ አርበኛ እንደነበሩ፣ ንጉሡ ሲመለሱ በዚያው ውለታ ባላምባራስ እንደተባሉ፣ ወይዘሮ የብርጓል ገና ልጅ ሳሉም እንደሞቱ ነገሩት። ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። ጸጋው መልካቸውን ሲጠይቅ፣ ግንባራቸው ሰፊ፣ ዓይናቸው ጎላ ያለ፣ ቁጣቸው ፊታቸው ላይ የማይታይ ነበር አሉት። ፊት ላይ የማይታይ ቁጣ እንዴት እንደሚቀረጽ ግራ ገባው። ስለ ልብሳቸው ሲጠይቅ ግን ወይዘሮ የብርጓል አባታቸው ፊት ለፊት የቆሙ ያህል ዘረዘሩለት፦ ጥቁር ለምድ፣ የተበጠረ ጎፈሬ፣ ደረት ላይ የተጠላለፈ ዝናር፣ በትከሻ የተነገተ ውጅግራ ጠመንጃ።

ፊቱን ከየት ያምጣ? በዚያ ሰሞን ትዕዛዙ የሚባል የጉንደ ወይን እህል ነጋዴ ሙሉ ጥርስ ሊያሠራ ይመላለስ ነበር። ጸጋው የድዱን ልክ ሲወስድ፣ የመንጋጋውን አወራረድ፣ የጉንጩን ጉድጓድ፣ የግንባሩን ስፋት ሲያይ ሰንብቷል። እጁ ፊት መቅረጽ ሲጀምር የሄደው ወደዚያ ነው። ጸጋውም እጁን አልከለከለውም። ለምዱን ቀባ፣ ዝናሩን በወርቃማ ነጠብጣብ ሞላ። ወይዘሮ የብርጓል ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለምዱን በጣታቸው ጫፍ ነክተው፣ ልክ ነው አሉ።

እስከዚህ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት የወይዘሮ የብርጓል ታላቅ እኅት ወይዘሮ ሥራነሽ ከመርጡለ ማርያም መጡ። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሐኪም ሊያሳዩ ነው። እኅትማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ አብረው በሉ፣ አብረው ጸለዩ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ የብርጓል ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ፣ ሥራነሽ መደርደሪያውን በደህናው ዓይናቸው ሲቃኙ ለምድ የለበሰውን ምስል አነሡ። ጸጋው አባታቸው እንዲሆን የተሠራ መሆኑን ነገራቸው። ሥራነሽ መልሰው አኖሩት።

«ልብሱን ማን ነገረዎት?»

«እትዬ የብርጓል ናቸው።»

«አባታችን ለምድ ለብሶ አያውቅም፤ ካኪ ነው የሚለብስ። የጣሊያን ካኪ፣ ወገቡ ላይ ቀይ መቀነት።»

ጸጋው አፉ ላይ የመጣችውን ቃል በሰው ቤት አባት ላይ መናገር ነውር ሆነበት። ሥራነሽ ራሳቸው አወጧት።

«ባንዳ በሉት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። እሱ ያንን ካኪ ባይለብስ ኖሮ በቀያችን ጭስ የሚወጣበት ጎጆ አይተርፍም ነበር። ባላምባራስ ያሉትም ጣሊያኖቹ ናቸው። እኔ በአባቴ አላፍርበትም።»

ጸጋው ሁለት ቀን ሥራ ቦታ ተቀምጦ ይህንኑ አወጣ አወረደ። ሰው አባቱን አርበኛ ለማለት ይዋሻል፤ ባንዳ ለማለት ግን ማን ይዋሻል? ደግሞም ሥራነሽ ታላቅ ናቸው። ሐሳቡ ቀና መሰለው። ቤት ሲገባ ምስሉን ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን ጠረገው፤ ለምዱ ጥቁር ውሃ ሆኖ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። ጎፈሬውን ፍቆ ቆብ አደረገለት። ካኪ ቀባው፣ መቀነቱን በቀይ ጥፍር ቀለም አሠመረ። ለአማቱ እንዴት ብሎ እንደሚያስረዳቸው ገና እያሰበ ሳለ ምስሉን መደርደሪያው ላይ አገኙት።

ወይዘሮ የብርጓል አልጮኹም። ምስሉን በመዳፋቸው ይዘው ወደ እሱ መጡ።

«አባቴን ምን አደረጉት?» አሉ።

«አደረጉት» ያሉት እሱን ነው። አንቱታው ተመልሶ መጣ። ለጸጋው ከስድብ ሁሉ የከፋው ይኼው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የእኅትማማቾች ነው። ወይዘሮ የብርጓል፣ እኅታቸው በልጅነት ወደ መርጡለ ማርያም ተድረው የባላቸውን ዘመዶች ሐሜት ይዘው ቀሩ ብለው ከሰሱ። ሥራነሽ በበኩላቸው፣ አባታችን ሲሞት አንቺ ምን ታውቂ ነበር አሉ። አንዲት መኝታ ክፍል ውስጥ እያደሩ መነጋገር አቆሙ። ጨው አቀብይኝ የሚባለው በመክሊት በኩል ሆነ። መክሊት ሁለቱን ስታስታርቅ ውላ ባሏን ብቻውን ስታገኘው፣ ጥርሱ አይበቃህም ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። እውነቱን ልሥራ ብሎ የጀመረው ነገር እንዴት ቤት እንደሚያፈርስ አልገባው ነበር።

በዚያው ሰሞን ይጁቤ ላይ የዘመድ ተዝካር ስለነበረ ባልና ሚስቱ ሄዱ። ጸጋው ከተዝካሩ ወጣ ብሎ አቶ በላቸው የሚባሉ ሽማግሌ ቤት ጎራ አለ። የጣሊያንን ጊዜ በልጅነት ያዩ፣ ባላምባራስ እንዳላማውን የሚያውቁ በሕይወት ያሉ እሳቸው ብቻ ናቸው ተብሎ ተነግሮት ነበር። ሽማግሌው አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተቀብለው አነጋገሩት። አንድ ጊዜ እንዳላማው ቀይ መቀነት ታጥቆ ገበያ ውስጥ ሰው በአለንጋ ሲበትን እንዳዩት ነገሩት። አንድ ጊዜ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ጥይት በአኩፋዳ ሲያድል አይቼዋለሁ አሉ። ጸጋው የትኛው እንደቀደመ፣ ወይስ ሁለቱም በአንድ ዘመን እንደሆነ ጠየቀ።

«ልጄ፣ ቀን ከነሱ፣ ሌሊት ከኛ የሚባሉ ነበሩ» አሉ በላቸው። «የአንዳንዱ እውነት ነው። የአንዳንዱ ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ የመጣ ወሬ ነው። የእንዳላማውን እኔ አልለየሁትም። ያየሁትንና የሰማሁትንም አሁን አልለየውም።»

ደግሞም ያ ጥይት ሲያድል የነበረው ወንድሙም ሊሆን ይችላል፣ ይመሳሰሉ ነበር አሉ። ጸጋው ከዚያ በላይ መጠየቁን ፈራ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ውጭ ውጭውን ሲያይ ቆይቶ አንድ ነገር ከነከነው። የብርጓል የተወለዱት ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሥራነሽም ቢሆኑ በነጻነቱ ማግሥት ነው የተወለዱት። ለምዱንም ሆነ ካኪውን አባታቸው ላይ ሁለቱም አላዩም። ይህንን ሲነግራት መክሊት አልደነቃትም።

«ሁለቱም ባላዩት ልብስ ነው የሚጣሉት» አላት።

«አንተስ ያየኸውን ነው እንዴ የምትቀባው?» አለችው። ከዚያም ይህን ለእነሱ እንዳይናገር አጥብቃ ለመነችው።

ቤት እንደገባ ካኪውንም አነሣው። ምስሉ አንዴ ለምድ፣ አንዴ ካኪ ተሸክሞ በየስንጥቁ ቀለም ስለያዘ በመርፌ እየለቀመ አጸዳው። ነጭ ጀሶ ብቻ ቀረ። ብሩሹን ይዞ ተቀመጠ፤ ቀለም ብልቃጦቹን አየ፤ አንዱንም መክፈት አልቻለም። መስኮቱ ላይ እንዲደርቅ አቆመውና ተወው። ሳምንቱን ሙሉ አልነካውም።

ሥራነሽ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ዓይናቸው ታክሞ ፋሻው ተነሥቶላቸው ነበር። ሻንጣቸውን መክሊት ስታዘጋጅ፣ እርሳቸው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ነጩን ምስል አነሡ። ልብስ የለው፣ ቀለም የለው፤ ፊቱ ብቻ ነው ያለው። ወደ ብርሃኑ አዙረው ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። ድንገት፣ ለሳምንታት በስም ያልጠሯቸውን እኅታቸውን ጠሩ።

«የብርጓል፣ ነይ እስቲ። ይኼን ግንባር እይው።»

የብርጓል እያመነቱ መጡ። አብረው አጎነበሱበት።

«አባዬ ነው» አሉ የብርጓል። እንባቸው መጣ። ሥራነሽም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ያችን ሐኪም አይንኳት ያላቸውን ዓይን ሳይቀር ጠረጉ። ቁጣው የማይታይበት ያ ፊት እንዴት እንደወጣለት ጸጋውን በምርቃት ጠየቁት። ሁለቱ በአንድ አፍ ሲመርቁት እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የጉንደ ወይኑ ነጋዴ መንጋጋ ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ መክሊት አየችው፤ ዘጋው። ቀለሙን እንደ አዲስ እንዲቀባው ማንም አልጠየቀውም። የብርጓል ራሳቸው በመሐረብ ጠቅልለው በእኅታቸው ሻንጣ ከተቱት፤ ለእሳቸው ሌላ እንዲሠራላቸው አዘዙት፤ ነጭ፣ እንደዚሁ። «አንተ» ብለው ነው ያዘዙት። ጸጋው ግን የአሁኑን ሹመት እንዴት እንደሚቀበለው አላወቀም።

ትዕዛዙ ጥርሱን ሊያስተካክል በመጣ ጊዜ ጸጋው ወገኖቹ ከየት እንደሆኑ በወሬ ወሬ ጠየቀው። ምናልባት ሥጋ ዝምድና ቢኖር ነገሩ ሁሉ ይፈታልኝ ነበር ብሎ ነው። ነጋዴው እስከ ምንጅላቱ ቆጠረለት፤ አንድም ይጁቤን የረገጠ አልነበረም። ታዲያ ሁለት ሴቶች፣ በአባታቸው ነገር በምንም ያልተስማሙ፣ በባዕድ ፊት እንዴት ተስማሙ? አርባ ጊዜ አሰበው። ምናልባት የሽማግሌ ፊት ሁሉ ጥርሱ ሲረግፍ አንድ ይሆናል። ምናልባትም ከአባታቸው አስቀድመው የረሱት ልብሱን ሳይሆን ፊቱን ነበር። ወይም እውነትም እንዳላማው እንዲህ ይመስሉ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሲያሳምነው ያድርና ጠዋት ሌላው ያሳምነዋል።

ሁለተኛውን ምስል ግን ሠራላቸው። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሌሎቹን ሲያይ፣ የወይዘሮዋን ጥላ፣ የነጋሪት መቺውን ቡናማ ኩታ፣ ማን ነገረኝ እያለ ራሱን ይጠይቅ ጀመር። አንዳንዱን ከየት እንዳገኘው ጠፋው።

ከወራት በኋላ ሥራነሽ ስልክ ደወሉ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ አወሩ። በመጨረሻ ስለ ምስሉ አነሡ። ብርዱ ሲበረታ እንዲያው ራቁቱን መቆሙ አላስችል ስላላቸው፣ ከአሮጌ ነጠላቸው ጫፍ ቀደው ሰፍተው አልብሰውታል። ስልኩን ወይዘሮ የብርጓል ይዘው ነበር፤ ጸጋውና መክሊት አጠገባቸው ተቀምጠው ይሰማሉ። የብርጓል ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«ጥለቱ ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ ሳይሰማ መስመሩ ተቋረጠ። አማቱ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጸጋውን አዩት፤ እሱም እሳቸውን አየ። እንደገና ይደውሉ እንደሆነ ብሎ ቁጥሩን ፈልጎ ሰጣቸው።