የጉልቤ ሞተር እጀታ

ካንዴላ የሚል ስም ያወጡለት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ሞተር ስለሚጠግን ብቻ አይደለም፤ እንደ ሞተሩ እሳት ጫሪ ካንዴላ፣ እሱም ለመቀጣጠል አንዲት ክፉ ቃል ትበቃዋለች። በሐይቁ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ጋራዡ አሮጌ የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ የፊት ጥርሱን በጠብ ያጣ፣ የሌላውንም ያወለቀ ሰው ነው። መልአክ ነው የሚል ካለ አያውቀውም ማለት ነው።

በእጀታ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። የጀልባ ሞተር መሪውም ነዳጅ መስጫውም ያው አንድ እጀታ ነው፤ ወደ ጎን ሲገፉት ጀልባው ይዞራል፣ ጫፉን ሲጠመዝዙት ሞተሩ ያጓራል። ከሥሩ አንዲት ብሎን አለች። እሷ ጠብቃ ከታሰረች እጀታውን የሚይዝ ሰው ኖረም አልኖረም ሞተሩ እንዳጓራ ይቀራል። አጥማጆቹ ሁለት እጃቸው መረብ እንዲስብላቸው አጥብቅልን ይሉታል። እሱ ደግሞ ጭራሽ አላልቶ ሞላ ይጨምርበታል፤ እጅ ሲለቀው ነዳጁ በራሱ እንዲቀንስ። ማን ጠየቀህ ሲሉት ይሳደባል።

ታላቅ ወንድሙን የበላችው ያቺ ብሎን ናት። መረብ ሲስብ ወደቀ፣ ባዶዋ ጀልባ እየዞረች ተመልሳ መጣችበት። ከሥር የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ መጀመሪያ ትከሻውን፣ በሁለተኛው ዙር አንገቱን አገኘው። ካንዴላ ከዳር ቆሞ ነበር፤ ከመጮህ በቀር ያደረገው ነገር የለም። ሬሳውን ያወጣውም እሱ ነው፤ ያየውን ለእናቱ ሳይናገር ሆድ ይፍጀው ብሎ ቀበረው።

ከእህት ወንድም የቀረችው ታናሽ እህቱ ብቻ ነበረች፤ እሷን ያገባት ደግሞ ጉልቤ ነው። ጉልቤ ሲቆጣ የሚመታ፣ ሲደሰትም እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ካንዴላ አንዴ በሩ ላይ ጠብቆ አፍንጫውን ሰብሮታል። ማታውኑ ጉልቤ የእሷን ክንድ ሰበረ። ከዚያ ወዲያ እህቱ፣ አንተ በመታኸው ቁጥር የምከፍለው እኔ ነኝ ብላ ለመነችው፤ ካንዴላም እጁን ሰበሰበ።

አንድ ቀን ጉልቤ ሞተሩን ተሸክሞ መጣ። አልነሳ ቢለው በንዴት ረግጦት የእጀታው ልባስ ተሰንጥቋል፣ ከውስጥ ያለው የነዳጅ ሽቦም ተበጥሷል። ካንዴላ ተቀበለው። ዝገቱን ፋቀ፣ አዲስ ሽቦ በግራሶ አሽቶ አስገባ፣ ስንጥቁን በቆርቆሮ አጥብቆ አሰረው። በመጨረሻም እንደ ልማዱ ሞላዋን ጨመረ።

በማግስቱ ጉልቤ ሞተሩን ተሸክሞ፣ መቅዘፊያም ይዞ ተመለሰ። እጀታውን ስይዝ መረቤ አመለጠኝ ብሎ ጮኸና በመቅዘፊያው ጀርባውን አለው። ካንዴላ የእህቱን ልመና ረስቶ፣ የብሎን መፍቻ ኪያቤ አንስቶ ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ጉልቤ ባሰበት፤ ገፍቶ ከሥራ ጠረጴዛው ጋር አጣበቀውና ቀኝ እጁን ብረት መንከሻው ሞርሳ ውስጥ ከቶ ማጥበቅ ጀመረ።

«ታጠብቃለህ ወይስ እኔ ላጥብቅ?»

ካንዴላ ጥርሱን ነከሰ። ጉልቤ ጨመረ። አንድ ጣቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ ሲል፣ አጠብቃለሁ አለ።

ሞላዋን አውጥቶ በግራ እጁ ብሎኗን አሰራት። የታዘዘውን ከጨረሰ በኋላም ካቻቢቴውን ከብሎኗ ላይ አላነሳም፤ ማንም ያልጠየቀውን ሩብ ዙር ጨመረላት። ይሄን ሲያደርግ የወንድሙ አንገት ታይቶታል። ጉልቤ እንዲሞት ፈልጎ ነበር፤ ሌላ ስም ልስጠው ቢሉ ሌላ ስም የለውም።

ጉልቤ ወትሮ የሚወጣው ከረዳቱ ጋር ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ረዳቱ ዱላ ሰልችቶት ቀርቷል። ካንዴላ የተሰበረ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጋራዡ በር ብቅ ሲል፣ ጀልባው ፊት ላይ ተቀምጣ ያያት እህቱን ነው። ውረጂ እያለ ሮጠ። ሞተሩ ግን ያጓራ ነበርና ድምፁ አልደረሰም።

ሩቅ አልሄዱም። ጉልቤ እጀታውን ለቆ ቆመ፣ መረቡን በሁለት እጁ ያዘ፣ መረቡም ከአንድ ነገር ተጠላልፎ ጎተተው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው ነገሩ። ውሃ ውስጥ ገባ። ጀልባዋ ተጠማዝዛ መዞር ጀመረች፤ እህቱ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ካንዴላ እስከ ደረቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ እንደዚያን ጊዜው ዛሬም ይጮሃል።

እህቱ ተነሳች። ጋራዡ የአባታቸው በነበረ ጊዜ ኪያቤ እያቀበለች ያደገች ናት፤ ሞተር አይጠፋትም። በእንብርክኳ ወደ ኋላ ሄደችና እጇን እጀታው ላይ አሳረፈች። ካንዴላ እፎይ አለ። እጇ ግን አልጠመዘዘም። ጀልባዋ በሙሉ ጉልበቷ ወደ ጉልቤ ስትመጣ እህቱ እያየችው ነበር፣ እሱም እያያት። ሰመጠ። ሲወጣ ጀርባው ከትከሻው እስከ ወገቡ ተተልትሎ ውሃው ቀልቷል። ጀልባዋ ደግማ ዞረች። አንገቱ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት፣ እህቱ በሁለት እጇ ታግላ ጠመዘዘችው። ሞተሩ ዝም አለ።

ሐኪም ቤት ጀርባውን ሰፉለት፤ ተረፈ። እህቱ ሞተሩን ራሷ ተሸክማ ጋራዡ ድረስ አመጣችው።

«አይተኸኛል አይደል?» አለችው።

«አይቻለሁ።»

«አንተም አጥብቀህ ነበር።»

«አጥብቄ ነበር» አለ፤ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ እህቱ ካቻቢቴውን አቀበለችው።

«አላላት። ሞላዋንም መልስ። ከእንግዲህ የምይዘው እኔ ነኝ፣ እጄ አይደክመውም።»

አሁን ጀልባውን የምትነዳው እሷ ናት። ክንዷን የሰበራት ሰው ፊት ላይ ይቀመጣል። ሌላው ሰው ወደሚሄድበት ዞሮ ሲቀመጥ እሱ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ነው፤ እስኪመለሱ ድረስ ዓይኑን ከእጇ ላይ አያነሳም።