አቦይ ወልዱ የጠበቁት ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ዋና ወደምትማርበት አዳማ ውስጥ ወዳለ አንድ ሆቴል ይዣት ስሄድ፣ ገና የግቢውን በር እንዳለፍን ያ ሽታ ተቀበለኝ። መዋኛው ዳር ስቀመጥ አጠገቤ የነበረች ወጣት እናት አየሩን ሳብ አድርጋ "ክሎሪኑ እንዴት ይሸታል! ንጹሕ ነው ማለት ነው" አለች። አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ከሃምሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተጉዤ፣ አስመራ ገብቼ፣ አንድ ሰው ማስተዋወቅ ነበረብኝ።

አስመራ የሄድነው በንጉሡ ዘመን፣ አባቴ ሻለቃ ሆኖ ወደዚያ ሲዛወር ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የተሰጠን ቤት ቪላጆ ጀኒዮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር፤ መስኮቶቹ ረጃጅም፣ ወለሉ በበጋ እንኳ እግር የሚያቀዘቅዝ፣ አጥሩ ሐምራዊ አበባ የለበሰ ቤት። ከእኛ ጥቂት ቁልቁል የመኮንኖች ክለብ መዋኛ ነበር። የከተማው ሰው ፒሺና ይለዋል፤ እኔም ወር ሳይሞላኝ ፒሺና ማለት ለመድኩ፤ እናቴ ግን ከከተማው እስክንወጣ ድረስ "ያ ጉድጓድ" እንዳለችው ቀረች። ውሃ በጆሮ ከገባ ትምህርት ያስረሳል ብላ ታምን ስለነበር፣ ከዋና በተመለስኩ ቁጥር የማባዣ ሰንጠረዥ ትጠይቀኛለች።

የፒሺናው ጠባቂ አቦይ ወልዱ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሥራውን በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያናዊ ተምረውታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከውሃው ከራሱ ተምሬያለሁ ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዋናተኛው ሁሉ ሲወጣ፣ መጀመሪያ ባልዲውን ውሃ ይሞላሉ፤ ከዚያ ነጩን የክሎሪን ዱቄት በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ በእንጨት ያማስሉታል። ውሃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም፤ ዱቄቱ ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው፤ ይህን እኔና ልጃቸው ለተብርሃን እንደ ጸሎት በቃላችን አጥንተነው ነበር። ቀን ላይ ቢጨምሩት ፀሐይ ትበላዋለች። ጠዋት ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድተው ሁለት ጠብታ መድኃኒት ያደርጉበትና ወደ ብርሃን ያነሡታል፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ "እወ፣ ግቡ" ይሉናል። ሽታው ሲከረፋ ግን ፊታቸው ይጠቁራል። ክሎሪን እንዲያ የሚሸተው ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ነው እንጂ ሲያሸንፍ አይደለም ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ለተብርሃን እኩያዬ ነበረች። ዋና ያስተማረችኝ እሷ፣ ትግርኛም ያስተማረችኝ እሷ፤ እኔ በምላሹ የትምህርት ቤቷን አማርኛ አርምላት ነበር። ከውሃ ወጥተን በሞቀው ሲሚንቶ ላይ በሆዳችን ተኝተን፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ፣ በሁለት ቋንቋ የምንስቀው ሳቅ እስከ ዛሬ በሌላ ቦታ አልገጠመኝም።

በሁለተኛው ዓመት የክለቡ ኃላፊ ዱቄቱን ትቶ በትልልቅ ጠርሙስ የሚመጣ ፈሳሽ ክሎሪን አስገዛ፤ ማማሰል አያስፈልገውም፣ ማፍሰስ ብቻ ነው ብሎ። አቦይ ወልዱ ፈሳሹ ሙቀት ላይ ከቆየ ጉልበቱ ያልቃል ቢሉም የሰማቸው የለም። ጠርሙሶቹ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከረሙ። የልጃገረዶች የዋና ውድድር ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ውሃው አረንጓዴ ሆኖ አደረ። አቦይ ወልዱ ዱቄት እንዲመጣላቸው ለምነው፣ ዋዜማው ማታ ላይ ደረሰላቸውና ከወትሮው ብዙ እጥፍ ጨመሩ፤ ያን ያህል ካልሆነ አረንጓዴው አይሞትም። ጠዋት ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ነበር። እሳቸው ግን በሩን ቆልፈው ቆሙ።

የዝግጅቱ ሰብሳቢ አባቴ ነበር። አለቃው ጄኔራሉ ከነባለቤታቸው መጥተው ተቀምጠዋል፤ የሙዚቃ ጓዱ ተሰልፏል፤ እኛ ልጆቹ ፎጣ ለብሰን እንንቀጠቀጣለን።

"ምን ሆኖ ነው የተዘጋው? ውሃው ይኸው ጠርቷል!" አለ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ጠርቷል ጎይታይ፤ ግን ይነክሳል። እስከ ነገ ፀሐይ ትምታው።" ብልቃጡን አሳዩት። ቢጫ አልነበረም፤ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ነበር።

"እንግዶቹን ነገ ኑ ልበላቸው?"

"ልጄን አላስገባም። የማንንም ልጅ አላስገባም።"

አባቴ ቁልፉን ከእጃቸው ወሰደና ወደ እኔ ዞረ። "ግቢ፤ ምንም እንደማይሆን አሳዪያቸው" አለኝ። ለተብርሃን ክንዴን ያዘችኝ። አቦይ ወልዱ "ጓለይ፣ አትግቢ" አሉ። እኔ አባቴን አየሁት፤ አንገቱ ላይ ላብ ነበር። እንዳያፍር ብዬ፣ ክንዴን ነጥቄ ዘለልኩ።

ውሃው ውስጥ ዓይኔን ከፈትኩ። በርበሬ የተበተነበት ያህል ነበር። ስጮኽ ውሃው ወደ ጉሮሮዬ ገባ፤ ከዚያ አንድ ክንድ ወገቤን ያዘኝ። አቦይ ወልዱ ከነሸሚዛቸው ገብተው አወጡኝ፤ ቧንቧ ሥር አስቀምጠውም ዓይኔን ረጅም ጊዜ አጠቡኝ፤ "ክፈቺ ጓለይ፣ ክፈቺ" ይሉኝ ነበር።

ሦስት ቀን በጨለማ ክፍል ተኛሁ። በዚያው ሦስት ቀን የክለቡ ኃላፊ ጠባቂው ክሎሪን አብዝቷል ብሎ ጻፈ፤ ስንብታቸውም ወጣ። አባቴ ፈረመበት። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ አባቴ እየሰማ፣ "ልጄን ያስገባሃት አንተ፣ የተባረረው ሌላ" ብላው ወጣች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ የደንብ ልብሱን አውልቆ እኔን ብቻ ይዞኝ ሐዝሐዝ ወደሚባለው ሰፈር፣ እነ አቦይ ወልዱ ቤት ሄደ። አቦይ ወልዱ ከሰላምታ በፊት አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩና ዓይኖቼን አንድ በአንድ አዩ። "ተመስገን" አሉ። ሻሂ ቀረበ። አባቴ ሲለማመጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ "አጥፍቻለሁ። ጽሑፉን አስቀድጄ ወደ ሥራዎ እመልስዎታለሁ" አላቸው።

"የቐንየለይ፤ ግን አልመለስም" አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ያን ቀን የተናገርኩትን የሰማኝ አልነበረም። እንደዚያ እየሆነ የሰው ልጅ አልጠብቅም።"

ለተብርሃን ጥግ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ክንዴን ስነጥቃት ጥፍሬ የቧጨራት እጇ ላይ ይታያል። አባቷ በእኔ ምክንያት ከሥራ እንደወጡ ታውቃለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ። የሚባለውን በሁለቱም ቋንቋ አውቀው ነበር፤ ይቅርታ፣ ይቕረታ፤ አንዱንም አላልኩም። ሻሂዬን ጨርሼ፣ ብርጭቆውን በጥንቃቄ አስቀምጬ፣ አባቴን ተከትዬ ወጣሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ተዛወርን። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ መንገዱም፣ ደብዳቤውም፣ ስልኩም ተራ በተራ ተዘጋ። መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ሲከፈት ሐዝሐዝ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አስጠየቅሁ። አቦይ ወልዱ በሰላም አርፈዋል አሉኝ። ለተብርሃን ከአገር ከወጣች ቆይቷል፤ የት እንዳለች የሚያውቅ አልተገኘም። ያ ትግርኛዬም የማናግርበት ሰው አጥቶ ከአፌ እያለቀ ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የቀሩኝን ቃላት እቆጥራለሁ፤ ይቕረታን በየቀኑ እላታለሁ፣ ይህች ቃል ደግሞ እንዳትጠፋኝ።