በሬው የታረደበት ስም

በእኔ ጊዜ አራዳ ሰው የሚሸምትበትም ሰው የሚሰቀልበትም ገበያ ነበር። ዛሬ ፒያሳ ብለው ወርቅ በመስታወት ውስጥ የሚደረድሩበት ሰፈር፣ ያኔ ከትልቁ ዛፍ ሥር በርበሬ ይሰፈርበታል፣ ከዛፉ ላይ ደግሞ ነፍስ ያጠፋ ሰው ተንጠልጥሎ ይውላል። ሴቶቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፤ ከእግሩ ሥር ቆመው "ምነው፣ ትንሽ ጨምሪልኝ እንጂ" እያሉ ይከራከራሉ። የሌባ እጅ ሲቆረጥም አይቻለሁ። ይህን የማወራው ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። ስለ ሃይማኖት ክርክር ልናገር ስለሆነ፣ የተከራከርነው ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

እኔ ኮርቻ ሰፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ግን የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሬ፣ ቅኔ ቤት ደርሼ፣ በንዴቴ ከመምህሬ ጋር ተጣልቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ድጓውን እዚያው ተውኩት፤ ንዴቱንና ክርክሩን ይዤ ወጣሁ። ቆዳ የምገዛው ከጎረቤቴ ነው። ወሎዬ እስላም ነበር፤ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሰውን ሳያስቅ የማይሸጥ። "አንተ ደብተራ" ይለኛል፤ እኔም "አንተ ሼህ" እለዋለሁ። እሱም ሼህ አልነበረም፣ እኔም ደብተራ አልነበርኩም።

በአንድ ማዕድ ሥጋ በልተን አናውቅም። ሕጉ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ክርስቲያን ሲያርድ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ይላል፤ እስላም ሲያርድ ቢስሚላሂ ይላል፤ ቢላዋው ሲያልፍ የተጠራው ስም ሥጋው የማን እንደሆነ ይወስናል። የሌላውን የበላ ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል። ቆዳ ላይ ግን ማንም ስም አይጠይቅም። እስላም ያረደው በሬ ቆዳ ለክርስቲያን መኳንንት ኮርቻ ይሆናል፤ ሁለታችንም እንጀራችንን የምናገኘው ከዚያ ነበር።

ስንከራከር ገበያተኛው ይከበናል። እሱ አንድ ነገር ላይ የቆመ ነበር። "አላህ ነቢዩን ለጠላት አሳልፎ አይሰጥም" ይላል። "ኢሳን ወደ ራሱ አነሣው። የተሰቀለው እሱን የመሰለ ሌላ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ" እለዋለሁ፣ "ጌታህ ሌላውን ምስኪን አስገርፎ የራሱን ሰው አሸሸ ማለት ነው። የኔ ጌታ አልሸሸም። እኔና አንተን የሚለየን ይኸው ነው።"

"መሸሽ እየቻለ ለምን ይገረፋል?"

"ለአንተ ሲል ነዋ፣ አንተ ደረቅ!"

ስለ ሥላሴ ሳስረዳው ከልጅነቴ የተማርኩትን አመጣለሁ፤ ፀሐይ አንዲት ናት፣ ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት፣ ሦስት ፀሐይ ግን አንልም። ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና "ዛሬ ደመና ነው፣ ወዴት ሄዱብህ?" ይለኛል። ገበያው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ወስፌዬን ግድግዳ ላይ እወረውራለሁ። እሱ አንሥቶ ያቀብለኛል።

አንድ ቀን ግን ሳንስቅ ተነጋገርን። "ምሕረት ለጌታ ቀላል ነው" አለኝ። "ማርኩህ ይላል፣ አለቀ። ደም ምን ያደርግለታል?" እኔም እንዲህ አልኩት፦ "ሰው ዓይንህን ቢያጠፋና ብትምረው፣ ዓይንህ ይመለሳል? አይመለስም። አንተ ዕውር ሆነህ ትኖራለህ፣ እሱ በነጻ ይሄዳል። ጉዳቱ የትም አልጠፋም፤ አንተ ተሸከምክለት። የሚምር ሰው ሁሉ ያመዋል። መስቀል ማለት ጌታ ራሱ ታመመ ማለት ነው።" የያዘውን ቆዳ አጣጥፎ አስቀመጠና "ይህኛው ጥሩ ነው" አለኝ። "ግን አምላክ አይታመምም።" እውነቱን ልናገር፣ እወደው ነበር። ነፍሱ እንድትጠፋ ስላልፈለግኩ ነበር ያን ያህል የምጮኸው።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ወዳጅነት አይወደውም ነበር። የወታደር ቤት ሰው ነበር፤ ጌታው ሞቶበት ያለ ሥራ ከተማ የቀረ። ከወፍራም ዱላው ጋር ነው ወጥቶ የሚገባው። "የሚመታ እንጂ የሚከራከር ወንድ አላውቅም" ይለኝ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የሰፈራችን ሰዎች ለፋሲካ ቅርጫ በሬ ገዙ። የቅርጫው አለቃ ወንድሜ ነበር። ያን ረጅም ጾም ጾመን አንጀታችን ከጀርባችን ተጣብቋል፤ ሰው ሁሉ በዚያ በሬ አጠገብ ሲያልፍ ምራቁን ይውጣል። በሬው ከሰፈራችን ድልድይ በላይ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ዳገት ላይ ታስሮ ነበር። ቀኑ ቀዳም ሹር ነው። ካህናቱ ቄጠማ አድለው ሄደዋል፤ ሰው ሁሉ የሰላም ምልክት ብሎ በራሱ ላይ አስሮታል።

ከሰዓት በኋላ እኔና ጎረቤቴ ከወንዙ የተነከረ ቆዳ ይዘን ስንወጣ፣ የነጋዴ በቅሎዎች እየተንጋጉ ድልድዩ ላይ ደረሱ። በሬው ደነበረ። ገመዱን በጥሶ ቁልቁል መጣ። እኔ ቆዳውን ተሸክሜ ስለነበር አላየሁትም። ጎርፍ ከቆፈረው ፈፋ ውስጥ ይዞኝ ገባ፣ ቀንዱን ጭኔ ውስጥ ሰደደው። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ወፍራም ቆዳ በወስፌ ሲበሳ የሚሰማው ዓይነት ነው። ነቅሎ እንደገና ሊወጋኝ አንገቱን ሲሰብር፣ ጎረቤቴ ከላይ ዘሎ ቀንዱን ያዘ።

በሬው አንሥቶ ከድንጋዩ ጋር አጋጨው። ተነሣ። ሁለተኛም አጋጨው። በሦስተኛው ከአገጩ ሥር ገብቶ፣ ቆዳ የሚገፍበትን ቢላዋ ከወገቡ መዘዘና "ቢስሚላሂ! አላሁ አክበር!" ብሎ አንገቱን ከዳር እስከ ዳር ሸረከተው። ደሙ እላዬ ላይ ተደፋ። ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አፌ ውስጥ ገባ፤ በጾም አፌ ዋጥኩት። ከበሬው ክብደት ሥር ጎትቶ አወጣኝና መቀነቱን ፈትቶ ጭኔን አሰረልኝ።

"ተርፈሃል፣ ደብተራ" አለኝ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

ሰዎቹ ደረሱ። መጀመሪያ ያዩት እኔን አልነበረም፤ በሬውን ነው። የፋሲካ በሬያቸው በእስላም ቢላዋ ታርዶ ይንፈራገጣል። አንዱ "ሆን ብሎ ነው!" አለ። "ሊያስጾመን ነው!" አለ ሌላው። እኔ "ሊገድለኝ ነበር እኮ፣ አወጣኝ እኮ!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ ማንም አልሰማኝም። ድንጋይ ማንሣት ሲጀምሩ ከቅርጫው አባላት አንድ ሽማግሌ መካከል ገቡና እጃቸውን ዘረጉ። ብልህ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረው።

"ልጄ" አሉት ጎረቤቴን፣ "በሬው ገና ነፍስ አለው። ዝም ብለህ ከሆነ የቆረጥከው፣ ከእኛ አንዱ በስመ አብ ብሎ ይጨርሰዋል፤ ፋሲካችንም ይተርፋል፣ አንተም በሰላም ቤትህ ትገባለህ። ሰውየው ሊሞትብህ ሆኖ ደንግጠህ፣ ምንም ሳትል ነው የቆረጥከው፤ አይደለም?"

ቃሉን አፉ ውስጥ አስገቡለት። የሚጠበቅበት አንድ "አዎ" ብቻ ነበር። የጠራውን ስም ከእኔ በቀር የሰማ የለም፣ እኔ ደግሞ ልናገርበት አልነበረም። ሽማግሌውም፣ ሕዝቡም፣ እኔም አፉን እናያለን።

ቢላዋውን በሱሪው ጠረገ። "አይ አባባ" አለ። "የአላህን ስም ጠርቼ ነው ያረድኩት። አልጠራሁም ብዬ የሱን ስም አልክድም።"

"አንተ ደንቆሮ!" አልኩት ከመሬት ላይ። "አዎ በላቸው!" ሕይወቴን ያተረፈልኝን ሰው ነው እንዲህ ብዬ የሰደብኩት። ተናድጄ ነበር፤ ፍርሃት በእኔ ላይ የሚወጣው በንዴት ነው።

መጀመሪያ የመታው ወንድሜ ነው። ዱላው ጆሮው ላይ ሲያርፍ አየሁ። ጎረቤቴ በጉልበቱ ወደቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም ወረዱበት። በድንጋይ፣ በእርግጫ፣ በበሬው ገመድ ሳይቀር። ቄጠማው በራሳቸው ላይ እንደታሰረ ነበር፤ እየተፈታ ደሙ ላይ ይወድቃል። የወደቀውን ሰው ሆዱን ሲረግጡ "ቢስሚላህ በል! በል እንጂ!" እያሉ ነበር። እሱ የሚለውን አልሰማሁም፤ አፉ ግን ይንቀሳቀሳል።

እግሬ አልቆም ስላለኝ በክርኔ እየተጎተትኩ ሄጄ ተደፋሁበት። ወንድሜ ዱላውን አንሥቶ ነበርና አላቆመውም፤ ግራ እጄን አንጓው ላይ ሰበረው። ስብር ሲል ራሱ ወንድሜ ጮኸ።

ያኔ በቤተ ክህነት ድምፄ፣ በዚያ ለቅኔ በሠለጠነው ድምፅ ተናገርኩ። "ትናንት ስቅለት ነበር! ቀኑን ሙሉ ግንባራችሁ መሬት እስኪነካ የሰገዳችሁት ለማን ነው? ያለ ጥፋቱ ለተገረፈው አይደለም? በሉ እንግዲህ፣ ትናንት አልቅሳችሁለታል፤ ዛሬ ደግሞ ገራፊዎቹን ሆናችሁ ጨርሱት!" በሕይወቴ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ የረታሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የረታሁትም የገዛ ወገኖቼን ነው። ድንጋዩ ከየእጃቸው ወደቀ። ሽማግሌው ነጠላቸውን አውልቀው የጎረቤቴን ጭንቅላት ጠቀለሉበት።

በሬውን ማንም አልበላውም። ክርስቲያኑ በሕጉ ምክንያት ተወው፤ የሰፈሩ እስላሞችም "ሰው የተደበደበበት ሥጋ ነው" ብለው ዞር አሉ። ፋሲካን አሞራ ሲሻማበት እያየን ዋልን።

በፋሲካ ማግሥት ጎረቤቴ እንደማይተርፍ ታወቀ። ከአንዱ ጆሮው ደም አልቆም አለ። ወንድሞቹ ለንግድ ከወረዱበት ተጠርተው ቢላዋቸውን ታጥቀው መጡ። በዚያን ጊዜ ሰው ሲገደል ዳኛው ገዳዩን ለሟች ዘመድ አሳልፎ ይሰጣል፤ ዘመድም ከፈለገ ይምራል፣ ካልፈለገ ነፍሱን ያስወጣል። ወንድሜ ይህን ያውቃል። አምልጥ አልኩት። "መትቼ አልሸሽም" ብሎ እቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ዱላውን ሰብሮ ጥሎት ነበር።

እኔን በአልጋ ተሸክመው ወደ ጎረቤቴ ቤት ወሰዱኝ። ሚስቱ ራሱን ደግፋ ይዛዋለች። ዳኛው ከአራዳ ዘበኞች ጋር ቃሉን ሊቀበል መጥቶ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ወንድሞቹ በግድግዳው ሥር ቆመዋል። የእኔንና የወንድሜን ዝምድና የማያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም።

"ሰማህ" አለው ዳኛው፣ "ከሞት ደጃፍ ነህ። የመታህን ሰው ስም ተናገር።"

ጎረቤቴ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። በቀረው ዓይኑ ፈልጎ አገኘኝ። እኔ ልለምነው አፌን አልከፈትኩም፤ በምን አፌ እለምነዋለሁ?

"በሬው ነው" አለ።

ወንድሞቹ ተንጫጩ። ዳኛው ጠጋ ብሎ "ይህ የዱላ ምልክት ነው" አለ።

"በሬው ነው። ከድንጋይ ጋር አጋጨኝ። ይህ ደብተራ አይቷል።"

የሁሉም ታላቅ የሆነው ወንድሙ አልጋው ላይ ተጎንብሶ፣ እንባው እየወረደ፣ "ወላሂ በልና አምነን እንውጣ! ማልልን!" አለው።

"የሚሞትን ሰው አታስምሉ" አለ ጎረቤቴ። "ቃሌ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ በኔ ስም ደም የሚፈልግ ወንድሜ አይደለም።" ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። እኔም "የሟች ቃል ይበቃል" ከማለት ሌላ አልሆነልኝም። ራሱን ከሞት ለማዳን አንዲት ሐሰት አልናገርም ያለ ሰው፣ ገዳዩን ለማዳን ተናገረ። ከሚስቱ እጅ ላይ ሳይነሣ፣ የዓሥር ሰዓቱ ሶላት ሳይደርስ አረፈ።

በመጨረሻው ሰዓት የመስቀሉን ነገር አምኖ ሞተ ብዬ ባወራ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ። አላመነም። በሃይማኖቱ ነው የሞተው፤ ያላለውን በአፉ አልጨምርም። እኔም ክርስቶስ ተሰቅሏል፣ ስለ እኔ ታሟል፣ ሞቷል፣ ተነሥቷል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ ላይ አንዲት አልቀነስኩም። ግን የማሪ ሕመም ምን እንደሚመስል ለሰው ሳስረዳ የማስታውሰው ያን የተደፈነ ዓይን ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ጌታ ወዴት እንዳደረገው አላውቅም፤ ስጠይቀው ግን ሳላለቅስ ጠይቄው አላውቅም።

ቤት ስገባ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ነበር። "የማንን ስም ጠራ?" አለኝ። ነገርኩት። ለእናታችን ያላለቀሰ ሰው፣ መሬት ወድቆ እንደ ሕፃን ጮኸ። "እኔ ነኝ እኮ! እኔ ነኝ የመታሁት!" እያለ ተነሣ፤ ከወንዙ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ፣ በዳይ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው አንገቱ ላይ ተሸክሞ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ። እኔም በሰው ትከሻ ተደግፌ እየተንከላወስኩ ተከተልኩት። በታጠቁት ወንድሞች ፊት ተንበረከከ። "የገደልኩት እኔ ነኝ። አንገቴ ይኸውላችሁ" አለ።

ታናሹ ቢላዋውን መዘዘ። ታላቁ እጁን ያዘው። ብዙ ጊዜ ቆሞ የወንድሜን አንገት ከድንጋዩ ሥር ተመለከተ። ቢላዋው ይወርዳል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ወንድማችን የገደለኝ በሬ ነው ብሎናል" አለ። "በሬው ደግሞ ታርዷል።"

ሁሉም ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። ድንጋዩን ግን ከአንገቱ ላይ አላነሡለትም። እኔ በደህናው እጄ አወረድኩለት።